የኤችአይቪ መድኃኒቴን አንድም ቀን ሳላቋርጥ ቫይረሱ ለምን ከፍ አለ? የቫይረሱ ዘር ምርመራስ ምን ይነግረኛል?

«የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ 41 ዓመቴ ነው። መድኃኒት የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን ነበር፤ ኋላ ኢፋቪሬንዝ ወዳለበት ተቀየረልኝ፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዶሉቴግራቪር ያለበትን በቀን አንድ ፍሬ እወስዳለሁ። ለዓመታት ቫይረሱ በምርመራ አይታይም ነበር። ዘንድሮ ግን ቫይራል ሎዴ (በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ ብዛት) 3,400 ሆነ። ሦስት ወር ምክር ተሰጥቶኝ እንደገና ሲለካ 2,900 መጣ። እኔ አንድም ቀን አላቋረጥኩም። እንዳልረሳ ብዬ ማታ ማታ ለጨጓራ ማቃጠል ከምጠጣው ነጭ ሽሮፕ ጋር አንድ ላይ ነው የምውጠው። ሐኪሜ ደሜ አዲስ አበባ ሄዶ የቫይረሱ ዘር ይነበባል፣ ጂኖታይፒንግ ይባላል አለኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ‹እዚህ እኮ ገና ሲጀመር ነው የሚሠራው፤ ውጤቱ እስኪመጣ አቁሚው፣ ቫይረሱ ይበልጥ እንዳይላመደው› ትለኛለች። ባለቤቴ ነፃ ነው። ምን ላድርግ?»

እህታችን፣ መድኃኒቱን አያቁሙ። ዛሬ ማታም፣ ደም በሚሰጡበት ዕለትም፣ ውጤት በሚጠብቁባቸው ሳምንታትም እንደወትሮው ይውሰዱ። እህትዎ ለእርስዎ አስባ መሆኑ ይገባናል፤ ምክሯን ቢሰሙ ግን ጤናዎም ይጎዳል፣ ምርመራውም ይበላሻል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ምርመራው የሚያነበው በዚያ ቀን በደምዎ ውስጥ በብዛት ያለውን ቫይረስ ነው። መድኃኒት የተላመደ፣ ማለትም መድኃኒቱ የማይገታው፣ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቫይረስ ይልቅ በመራባት ደካማ ነው፤ ጎልቶ የሚወጣው መድኃኒቱ ሌላውን ስለያዘለት ብቻ ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ያልተላመደው ፈጥኖ ይራባና በሳምንታት ውስጥ ደሙን ይሞላዋል። የተላመደው በዚህ አይጠፋም፤ ለረጅም ዕድሜ በሚኖሩት የሲዲፎር ሴሎች (ቫይረሱ በሚያጠቃቸው ነጭ የደም ሴሎች) ውስጥ ይደበቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ የተወሰደ ደም «መላመድ አልታየም» የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ መድኃኒቱ እንደገና ሲጀመር ደግሞ የተደበቀው ብቅ ይላል። ደሙ መድኃኒቱ እየተወሰደ፣ ተቋርጦ ከነበረም ከአራት ሳምንት ሳያልፍ መወሰድ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ስለ ሽሮፑ የጻፏት አንዲት መስመር ናት። ለጨጓራ የሚሰጠው ነጭ ሽሮፕ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም አለበት። ዶሉቴግራቪር የሚሠራው ኢንቴግሬዝ የተባለው የቫይረሱ መሣሪያ ላይ ያሉትን ሁለት የማግኒዥየም ቅንጣቶች አጥብቆ በመያዝ ነው። ይኸው ጠባዩ ሆድ ውስጥም አይለቀውም፤ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ካገኘ እዚያው ይጣበቅና ወደ ደም ሳይገባ ከሰውነት ይወጣል። ስለዚህ ኪኒኑን በየቀኑ በታማኝነት እየዋጡ፣ ወደ ደም የሚገባው ግን ከሚገባው እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። የምክር አገልግሎት የሰጡዎት ባለሙያዎች «ያቋርጣሉ ወይ?» ብለው ጠይቀው «አላቋርጥም» ሲሉ እውነትዎን ነው። «ከምን ጋር ነው የሚውጡት?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ያለፈ ይመስለናል።

ከዛሬ ጀምሮ ኪኒኑን ሽሮፑን ከመጠጣትዎ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀድመው ይዋጡት፤ ሽሮፑን ቀድመው ከጠጡ ደግሞ ስድስት ሰዓት ይጠብቁ። ለምሳሌ ኪኒኑን ማታ 12 ሰዓት ቢወስዱ፣ ሽሮፑ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይሁን። ቀን ላይ ቢያቃጥልዎ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ እስከ ማታ ሽሮፑን አይጠጡ። ብረት (ለደም ማነስ) እና ካልሲየምም እንደዚሁ ይይዙታል፤ እነዚህን ከምግብ ጋር ከሆነ ከኪኒኑ ጋር አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል፣ በባዶ ሆድ ግን አይቻልም። በጾም ወቅት ሰዓቱ የሚዛነፍበት ሰው ይህን ልብ ይበል። ኦሜፕራዞል ዶሉቴግራቪርን አይነካውም፤ የጨጓራው ነገር ከቆየ በሽሮፕ ከመግፋት ሐኪምዎ መንስኤውን መርምሮ ሌላ ቢያዝልዎ ይሻላል። ለቲቢ ሪፋምፒሲን፣ ወይም ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ካለ ደግሞ እነዚህ ጉበት ዶሉቴግራቪርን ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋሉና ለክሊኒኩ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ከሪፋምፒሲን ጋር ለምሳሌ ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል።

ታዲያ ምክንያቱ ሽሮፑ ከሆነ ምርመራው ለምን ያስፈልጋል? በእኛ አስተያየት ያስፈልጋል። ቫይረሱ መድኃኒቱ በጥቂቱ ባለበት ለወራት መራባቱ ነው መላመድን የሚያመጣው። ይህን ለሐኪምዎ ሽሮፑን ጨምረው ይንገሩትና እርሱ ይወስን፤ አሁኑኑ ደም ሊወስድ ይችላል፣ ሰዓቱን አስተካክሎ ቫይራል ሎዱን ድጋሚ ለማየትም ሊመርጥ ይችላል።

አሁን ስለ ምርመራው ራሱ። የኤችአይቪ ሙሉ ዘር 9,700 ገደማ ፊደላት አሉት፤ ፊደላቱ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ በሚባሉ አራት ምልክቶች ይጻፋሉ። ላቦራቶሪው ሁሉንም አያነብም። መድኃኒቶቹ የሚያነጣጥሩባቸውን ሦስት ቦታዎች ብቻ ነው የሚያነበው፦ ፕሮቲዬዝ፣ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ እና ኢንቴግሬዝ፤ ሦስቱም ቫይረሱ የሚራባባቸው መሣሪያዎች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንንገርዎ። ብዙ የምርመራ አሠራሮች የተዘረጉት ዶሉቴግራቪር ከመስፋፋቱ በፊት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድነት ያነባሉ፤ ኢንቴግሬዝ ግን ለብቻው የሚታዘዝና ለብቻው የሚሠራ ነው። እርስዎ የሚወስዱት ዶሉቴግራቪር ያለበትን ሆኖ ኢንቴግሬዝ ካልተነበበ፣ ዋናው ጥያቄ ሳይጠየቅ ወረቀቱ ይመጣል። ደም ከመሰጠቱ በፊት «ቅጹ ላይ ኢንቴግሬዝ ተጽፏል?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ይወሰዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቱቦ ነው። አረንጓዴ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ያለው ሄፓሪን የማባዛቱን ሥራ ስለሚያግድ አይሆንም። በባዶ ሆድ መምጣት አያስፈልግም። የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ማለትም ፕላዝማው፣ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ ከ24 ሰዓት ሳያልፍ፣ በሴንትሪፉጅ ተለይቶ በጥልቅ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። የቫይረሱ አርኤንኤ፣ ማለትም ዘሩ የተጻፈበት ክር፣ በቀላሉ የሚሰባበር ነገር ነው፤ መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና ከቀዘቀዘ የሚነበበው ክር ይበጣጠሳል። ፕላዝማ ማጓጓዝ በማይመችበት ቦታ ደሙ በወረቀት ካርድ ላይ አምስት ክብ ላይ ይንጠባጠባል። ካርዱ ፀሐይ ሳይነካው፣ ከሌላ ካርድ ጋር ሳይደራረብ፣ ሌሊቱን በአየር ደርቆ እርጥበት ከሚመጥጥ ከረጢት ጋር ይታሸጋል። ሳይደርቅ የታሸገ ካርድ ሻግቶ ይደርሳል።

ላቦራቶሪ ሲደርስ አርኤንኤው ከፕላዝማው ይወጣል፣ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፣ በፒሲአር ሁለት ዙር ይባዛል፣ ከዚያ በጄል ላይ ተሞክሮ መባዛቱ ይረጋገጣል። ብዙ ናሙና የሚወድቀው እዚህ ነው። ቫይራል ሎድ በሚሊ ሊትር ከ1,000 በታች ሲሆን ምርመራው ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው፦ በሚሊ ሊትር 500 ቫይረስ ካለና ከአንድ አምስተኛ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ቢነሱ እጅዎ ላይ ያለው 100 ነው፤ ከዚያ በማውጣቱና በመገልበጡ ላይ እየጎደለ ይሄዳል። የእርስዎ 2,900 ለምርመራው በቂ ነው። ሌላው የመውደቂያ ምክንያት የቫይረሱ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ በብዛት ያለው ንዑስ ዓይነት ሲ ነው፤ የማባዣው መነሻ ቁራጮች ለአውሮፓና ለአሜሪካው ንዑስ ዓይነት ቢ ተብለው ከተሠሩ አንዳንዴ አይገጥሙም። «አልተባዛም» የሚል መልስ ከመጣ ስለ መላመድ ምንም አላወራም፤ አዲስ ደም መስጠት ብቻ ነው።

የተባዛው ፊደላቱን ወደሚያነበው መሣሪያ፣ ወደ ሴኩዌንሰሩ፣ ይገባል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቀለም አለው፤ ኤ አረንጓዴ፣ ሲ ሰማያዊ፣ ጂ ጥቁር፣ ቲ ቀይ። ኮምፒውተሩ ላይ ተራራ በተራራ ተደርድረው ይታያሉ። ከሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ 184ኛውን ቦታ እንመልከት። ባልተላመደ ቫይረስ እዚያ የሚነበበው «ኤ-ቲ-ጂ» ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ተቀይራ «ጂ-ቲ-ጂ» ስትሆን፣ ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ (የቫይረሱ መሣሪያ ከሚገነባባቸው ቁራጮች አንዱ) በሌላው፣ በቫሊን፣ ይተካል፤ ይህ ነው ኤም184ቪ የሚባለው። ቫይረሱ ላሚቩዲንን የሚላመደው በዚህች በአንዲት ፊደል ነው። አንዳንዴ በዚያች ቦታ ላይ አረንጓዴውና ጥቁሩ ተራራ አንዱ በአንዱ ላይ ሆነው ይታያሉ፤ በደሙ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ቫይረስ አለ ማለት ነው። በተለመደው የሳንገር ዘዴ ትንሹ ተራራ እንዲታይ ያ ቫይረስ ከጠቅላላው 20 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰው ከሌላው ሥር ይሰወራል። አዲሶቹ መሣሪያዎች እስከ 5 በመቶና ከዚያም በታች ያያሉ፤ በጣም ዝቅ ሲል ግን የመሣሪያው የራሱ ስህተት ከእውነተኛው ለውጥ ጋር ይምታታል።

የተነበበው ተራ ከተጣራ በኋላ ከታወቁት ለውጦች ጋር ይመሳከራል። በብዛት የሚሠራበት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነፃ መረጃ ቋት ነው። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ነጥብ ይደምራል፦ ከ10 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፣ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ መላመድ አለ ይላል፣ በመካከሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ።

እርስዎ ጋ ምን ሊመጣ ይችላል? በጣም የምንጠብቀው ኢንቴግሬዙ ንጹሕ ሆኖ እንዲመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በተደረጉት የአገሮች ጥናቶች ዶሉቴግራቪርን የመላመድ መጠን ከ3.9 እስከ 8.6 በመቶ ነበር። ቫይራል ሎዳቸው ከፍ እንዳለ ወደ ዶሉቴግራቪር በተዛወሩ ሰዎች ግን እስከ 19.6 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ አሳሳቢ ቢሆንም አብዛኛው ሰው ጋ መድኃኒቱ ገና ይሠራል። ያን ጊዜ ሥራው መድኃኒቱን መቀየር አይደለም፤ ሰዓቱን አስተካክሎ በዚያው መቀጠልና ከሦስት ወር በኋላ ቫይራል ሎዱን መለካት ነው።

ሁለተኛው፣ ኤም184ቪ ታይቶ ኢንቴግሬዙ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ ላሚቩዲን ፊት ለፊት «ከፍተኛ መላመድ» ተጽፎ ሲያዩ አይደንግጡ። ይህ ለውጥ ቫይረሱን ያደክመዋል፣ ለሌላው የኤችአይቪ መድኃኒት ለቴኖፎቪርም ይበልጥ እንዲጋለጥ ያደርገዋል፤ ሐኪሞች አውቀው ላሚቩዲኑን የሚያስቀጥሉት ለዚህ ነው። ኬ65አር የተባለው፣ ቴኖፎቪርን የሚነካው ለውጥ ቢጨመርበት እንኳ ዶሉቴግራቪር ሸክሙን ይሸከማል። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በዚምባብዌ በ464 ሰዎች ላይ በተደረገው ናዲያ በተባለው ጥናት፣ የመጀመሪያ መስመር መድኃኒታቸው ሳይሠራ ቀርቶ ወደ ዶሉቴግራቪር ከተዛወሩት 90 በመቶ ያህሉ ቫይረሳቸው በአንድ ዓመት ገደማ ወርዷል፤ ብዙዎቹ እነዚህ ለውጦች ነበሩባቸው።

ሦስተኛው በኢንቴግሬዝ ላይ ለውጥ መገኘቱ ነው። ጂ118አር፣ አር263ኬ፣ ኤን155ኤች ወይም በ148ኛው ቦታ ላይ ያለ ለውጥ ተጽፎ ካዩ ነገሩ ከባድ ነው፤ ክብደቱም እኩል አይደለም። አር263ኬ ለብቻው ዶሉቴግራቪርን በከፊል ነው የሚያዳክመው፤ ጂ118አር፣ ወይም የ148ኛው ከ140ኛው ጋር ተጣምሮ፣ በብርቱ ይጎዳዋል። ሐኪሞች ተመካክረው ወደ አታዛናቪር፣ ሎፒናቪር ወይም ዳሩናቪር፣ ከሪቶናቪር ጋር፣ ሊወስዱዎ ይችላሉ። እዚህ ላይም ጨጓራዎ ይከተልዎታል፦ አታዛናቪር የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዶሉቴግራቪርን የማይነካው ኦሜፕራዞል አታዛናቪርን ክፉኛ ይጎዳዋል። ሽሮፑን ደጋግመን ያነሳነው ለዚህም ነው።

ኬ103ኤን የሚል ካዩ ደግሞ የኔቪራፒንና የኢፋቪሬንዝ ዘመን አሻራ ነው፤ ዛሬ የሚወስዱትን አይነካም። የድሮ ለውጦች በዛሬው ደም ላይ ላይታዩም ይችላሉ፣ አልታዩም ማለት የሉም ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የወሰዱትን ሁሉ፣ ለመውለድ የተሰጠዎትም ካለ፣ ከየካርዱ አውጥተው በዓመት በዓመቱ ጽፈው ለሐኪሙ እንዲሰጡ የምንለምንዎ። የዘር ንባቡና የመድኃኒት ታሪኩ አንድ ላይ ካልተነበቡ ግማሹ ይጎድላል።

እህትዎ «እዚህ ሲጀመር ይሠራል» ማለቷ ልክ ነው፤ በአሜሪካ ምርመራው ሕክምና ሲጀመር ይታዘዛል። በእኛ አገር ለሁሉም አንድ ዓይነት ጠንካራ መድኃኒት ሰጥቶ ቫይራል ሎድን መከታተል ነው የተመረጠው፤ ምርመራው ውድ ነው፣ መሣሪያና ሥልጡን ሰው ይጠይቃል። እዚያም ቢሆን ውጤቱ እስኪመጣ መድኃኒት ሳይጀመር አይጠበቅም። ምርመራው ብቻውን ቫይረስ አያወርድም፤ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ 840 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ምርመራው የተሠራላቸው ካልተሠራላቸው ብልጫ አላሳዩም። ያም ሆኖ እንደ እርስዎ ዶሉቴግራቪር እየወሰዱ ከፍ ላለበት ሰው፣ ያለ በቂ ምክንያት ጥሩ መድኃኒት እንዳይነጠቅ ይጠብቀዋል።

ባለቤትዎን በተመለከተ መዘግየት የለበትም። በ2,900 ቫይረሱ ሊተላለፍ ይችላል፣ የተላመደ ከሆነም የተላመደው ነው የሚተላለፈው። ቫይራል ሎድዎ ተመልሶ እስኪወርድና በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ እርሱም በዚህ ሳምንት ይመርመር፣ ከሦስት ወር በኋላም ይደገም። አንዱ ነፃ ለሆነባቸው ጥንዶች የሚሰጠውን የመከላከያ ኪኒን ክሊኒኩን ይጠይቁ። በውስጡ ቴኖፎቪር ስላለ፣ የእርስዎ ውጤት ላይ ኬ65አር ከተገኘ ኪኒኑን ለሚሰጠው ባለሙያ መነገር አለበት።

ውጤቱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ናሙና ተጠራቅሞ ስለሚሠራ ነው። ሲመጣ ቅጂውን ይጠይቁና በስልክዎም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት። ሦስት ነገር ተጽፎበት እንደሆነ ይዩ፦ ደሙ የተወሰደበት ቀን፣ በዚያ ቀን ይወስዱት የነበረው መድኃኒት፣ እና ከሦስቱ ቦታዎች የትኞቹ እንደተነበቡ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሐኪም ፊት ቢቀርቡ፣ በሴሎችዎ ውስጥ ተደብቆ በደም የማይታየውን ለውጥ ሊያሳየው የሚችለው ይህ ወረቀት ነው።